መጋረጃው ለእንግዳ፣ ብርዱ ለባለቤት

ቆሰበር ውስጥ ሰው ቤት ስንገባ ቀድሞ የሚቀበለን መጋረጃ ነው። ከኮርኒስ እስከ ወለል ወርዶ፣ ግድግዳውን ሙሉ ሸፍኖ። ገለጥ ስናደርገው ከኋላው ክንድ የማትሞላ የላሜራ መስኮት ትገኛለች! ታዲያ ይህ ሁሉ ጨርቅ ለማን ተሰቀለ? ለእንግዳ። ባለቤቱማ በቀትር አምፖል አብርቶ ይቀመጣል።

እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። ቆሰበር፣ በመዝገብ ስሟ እንጅባራ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። ክረምቷ ደመና፣ ሌሊቷ ቁር ነው። የሚያስፈልገን ቀን ብርሃን፣ ሌሊት ሙቀት ነው። ለትንሿ መስኮት በልኳ የተሰፋ፣ ቀን ቀን ወደ ጎን የሚሰበሰብ ጨርቅ ይበቃታል። ሰፊው መስታወት ግን ሌሊት የቤቱን ሙቀት ያስወጣል፤ ለእሱ ወፍራምና ከጠርዙ በሁለቱም ጎን አልፎ የሚሸፍን ይሰቀል። መንገድ ዳር ላለው መስኮት ስስ መጋረጃ ለቀን ጥሩ ነው፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ጓዳችንን ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል። ምድጃ አጠገብ የሚወዛወዝ ጨርቅማ እሳት መጥራት ነው።

ደግሞስ ቀርከሃችንን ምን ነካው? የአዊ ደጋ ቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ ሆኖ ለመንገደኛ ይሸጣል፤ እኛ መስኮታችንን ባሕር ተሻግሮ በመጣ ፖሊስተር እናፍናለን። በቀጭኑ ተሰንጥቆ በሲባጎ የተያያዘ ቀርከሃ ብርሃን እያሳለፈ ከዓይን ይከልላል። ብርድ አይመልስም፤ ለሌሊቱ ጨርቅ ይደረብለት።

«እንግዳ ምን ይለናል?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፦ እንግዳው ይሄዳል፤ ብርዱ ከእኛ ጋር ያድራል።