አዲስ ድምፅ ሲጨመር ኅብረቱ ይደምቃል ወይስ ይደፈርሳል?

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ወደ መዘምራን ልምምድ ልውሰዳችሁ። «እኔ መዘምር አይደለሁም» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ቤታችሁ ይገባል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ለዓመታት አብሮ የዘመረ፣ ድምፁ የተዋሃደ ቡድን አዲስ ሰው ቢጨምር ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? እኔ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ሰጥቻለሁና ከራሴ ልጀምር።

ባለቤቴ በአርባ ምንጭ አካባቢ በመጋቢነት ሲያገለግል እኔ በአንድ የዝማሬ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ስድስት ነበርን፦ ሁለት ሶፕራኖ፣ ሁለት ቴኖር፣ አንድ ባስ፣ አልቶዋ ደግሞ እኔ ብቻ። ብዙ ዓመት አብረን ከመዘመራችን የተነሣ አንዱ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሌላው ያውቀው ነበር። በዚህ መካከል ከቴኖሮቹ አንዱ፣ የዶርዜ ልጅ፣ ትዳር ያዘ። ሙሽራዋም የዶርዜ ልጅ ናት። ወደ ከተማ በመጣች በወሯ «እኔም ባገለግል» አለች። ድምፅዋን ሰማነው፤ ወፍራምና ሙሉ ድምፅ ነው። አልቶ ነበረች።

«እንጸልይበት» አልኩ። ጸሎትን በር ለመክፈት ሳይሆን ለመቆለፍ የተጠቀምኩበት ቀን ነበር፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ለሌሎቹም «አሁን ሰው ብንጨምር ሃርመኒው ይበላሻል» አልኳቸው። የተናገርኩት ነገር በሙዚቃ በኩል ሐሰት አልነበረም። ልቤ ግን የሚጠብቀው ሃርመኒውን ሳይሆን ቦታዬን ነበር።

ልጅቷ አምስት ወር ያህል በልምምድ ቀን ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ባሏን ትጠብቅ ነበር። በኋላ መምጣቷን ተወች። እርሱም ማርፈድ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ «እኅቴ፣ ሚስቴን ከኋላ አስቀምጬ ስለ ፍቅር መዘመር አቃተኝ» ብሎኝ ወጣ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዶርዜ ተመለሱ። አምስት ቀረን። እንዳይበዛብን ስንጠነቀቅ የነበረውን አጣን።

በዓመቱ የመስቀል ሰሞን ከባለቤቴ ጋር ይቅርታ ልንጠይቅ ወደ ዶርዜ ወጣን። መንገዱን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት ከኋላ ይቀርና አባያና ጫሞ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከላይ ብርድና ጭጋግ ይቀበላችኋል። በሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት የአገሩ ልጆች ለበዓሉ ገብተው ነበር። የልጁ አባት በዚያ ረጅም የቀርከሃ ቤታቸው ተቀበሉን። ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ቀረበልን።

ሲመሻሽ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ተጠጋግተው ቆመው ማዜም ጀመሩ። የዶርዜ ሰዎች ዜማ በብዙ ድምፅ የተከፋፈለ መሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ ቀርጾ በሸክላ ያሳተመው እስኪሆን ድረስ የውጭ ሰዎችን አስደንቋል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው በራሱ ድምፅ ይገባል፣ ሌላው ከላይ፣ ሌላው ከታች ይቀበላል። በመካከሉ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ዘግይቶ ደረሰና ዳር ቆመ። ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ዝቅ ባለው ድምፅ ቀስ ብሎ ገባ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ብቻ ትንሽ ፈቀቅ አለለት።

ሽማግሌውን «አባባ፣ አዲስ ሰው እንዲህ ሲገባ አይበላሽባችሁም?» አልኳቸው።

«ይበላሻል እንጂ ልጄ! ከጆሮው አፉን ካስቀደመ ይበላሻል። ግን ቆሞ የሚሰማበት ቦታ ካልሰጠነው በየት ይማረዋል?» አሉ። ሸማኔ ናቸውና ጨመሩልኝ፦ «ክር ሲበጠስ ትቀጥይዋለሽ። ቋጠሮው ከላላ ይፈታል፣ ካበጠ ጨርቁ ላይ ይታያል። ልክ አድርገሽ ስትቋጥሪው ግን ሸማው ይቀጥላል።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ሄጄ በደሌን ነገርኳት። እንባዋ መጣ፣ ግን ሣቀች። «እኔ እኮ ከኋላ ሆኜ የእርስዎን ድምፅ በሙሉ ይዤዋለሁ» አለችኝ። እኔ ባዶ አግዳሚ ያልኩት ለእርሷ ትምህርት ቤት ነበር።

በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ሰባት ሆንን። ወዲያው ሰመረ ብዬ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበፊቱ የከፉ ነበሩ። ምክንያቱም አለው፤ አንድን ድምፅ ሁለት ሰዎች ሲይዙት በጥቂቱ እንኳ ከተለያዩ ድምፁ አየር ላይ ይርገበገባል፣ ጆሮም ቶሎ ይለየዋል። ሦስት ሲሆኑ ልዩነቱ ይሸፈናል። ስለዚህ ብዙ አሠልጣኞች በአንድ ድምፅ ከሁለት ሰው ይልቅ አንድ ወይም ሦስት ይመርጣሉ። እኛ ፊት ለፊት ቆመን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ «አ» እና «ኦ» ስንል የአፋችንን አከፋፈት እያመሳሰልን ተለማመድን። የድሮው ድምፃችን አልተመለሰም። ሌላ ድምፅ ሆነ፤ እኔም ወደድኩት።

በአሜሪካ ሶል ስተረርስ የሚባል የታወቀ የወንጌል መዝሙር ቡድን ነበር። አራት ድምፅ ለሚዘምር ቡድን አምስተኛ ሰው ትርፍ ይመስላል፤ እነርሱ ግን ሁለት መሪ ዘማሪዎች እንዲቀባበሉ አደረጉና ሃርመኒው ሳይጎድል መሪነቱ ተፈራረቀ። እ.ኤ.አ. በ1950 ዋናው መሪ አር ኤች ሃሪስ ሲለቅ የ19 ዓመቱን ሳም ኩክን ተቀበሉ። መጀመሪያ ሃሪስን ለመምሰል ታገለ፤ ሲታገሡት የራሱን ድምፅ አገኘ። ከዓመታት በኋላ ቡድኑን ትቶ ወደ ዓለማዊ ዘፈን መሄዱም እውነት ነው። ሰው መጨመር ዋስትና የለውም።

ቃሉስ ምን ይላል? በ1ኛ ዜና መዋዕል 25፥7-8 የቤተ መቅደሱ መዘምራን 288 ነበሩ። ተራቸውም በዕጣ ሲወሰን ታናሹ ከታላቁ፣ ተማሪው ከአስተማሪው አልተለየም። ተማሪው ከውጭ አልጠበቀም ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ 15 ጳውሎስና በርናባስ ማርቆስን በመጨመር ጉዳይ እስኪለያዩ ድረስ ተከራከሩ። ያ ጳውሎስ ግን በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11 ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል የሚል መልእክት ልኳል።

እንግዲህ በቡድናችሁ ይህ ጥያቄ ቢነሣ የሚከተሉትን አስቡ።

1. ምን እንደጎደላችሁ ለዩ። አዲሱ ሰው የሚይዘው ድምፅ ሳይታወቅ በይሉኝታ መጨመር እርሱንም ቡድኑንም ይጎዳል።

2. የሚያዳምጥበት ጊዜ ስጡት። ጊዜው ግን መጨረሻ ይኑረው፣ ለእርሱም ይነገረው። ማብቂያው ያልታወቀ «ቆይ» ከእንቢታ ይብሳል።

3. መልሱ «አይሆንም» ከሆነ በግልጽና በፍቅር ንገሩት፤ ከጸሎት ጀርባ አትደበቁ። የተጣላ ቡድን ደግሞ ሰው ከመጨመሩ በፊት ይታረቅ።

4. አንዱ ፈቀቅ ይበል። ቦታ ሳይለቀቅለት «ግባ» የተባለ ሰው አልገባም።

ባልና ሚስት ሆይ፣ እናንተም የሁለት ሰው ኅብረ ዝማሬ ናችሁ። ነገ ሕፃን ይወለዳል፣ ከገጠር እናት ትመጣለች፣ የወንድም ልጅ ለትምህርት ይላካል። የለመዳችሁት ጸጥታ ይረበሻል፤ ጥቂት ጊዜም የሚያምር ነገር አይሰማችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ «ቤታችን ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ተጠያየቁ፦ በቤታችን ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው አለ?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።