ሴቶች ልጆችና የመቅዘፊያው መኪና

ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔት ላይ አንድ ወንድማችን ስለ ስፖርት ሲጽፍ፣ ሴቶች ልጆች በሩጫና በመረብ ኳስ ቢወሰኑ ይበቃቸዋል፤ ትግል ግን የክንድ ሥራ ስለ ሆነ ለወንዶች ሊተው ይገባል ብሎ ነበር። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ በመሆኑ ብዙ ሰው አንብቦታል፤ እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መልስ ሳልሰጥ አንድ ዓመት ሙሉ የቆየሁት ፈርቼ አይደለም። ወንድማችን ካለው ነገር ግማሹ እውነት መሆኑን በገዛ አካሌ ስላየሁት፣ ብዕር ከማንሣቴ በፊት ያንን ግማሽ እውነት መመርመር ስለ ነበረብኝ ነው።

እኔ የጫኖ ልጅ ነኝ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪም ነኝ። ስድስት ሴቶች ልጆች ሆነን፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን እየተቈጣጠሩን፣ ደረቅ የሙዝ ቅጠል በተሞላ ጆንያ ላይ ትግል መለማመድ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ጆንያው ከሥራችን ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ለሚሰማ ሰው በቆሎ የምንፈለፍል ይመስለዋል። ታዲያ ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዕረፍት፣ ጁዶ የምትማር አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ዘመዶችዋን ልትጠይቅ መጥታ ኖሮ፣ ተገናኝተን ታገልን። በመጀመሪያው ደቂቃ እግርዋን ይዤ ከመሬት አነሣኋት፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡ። ሁለተኛው ደቂቃ ሲጋመስ ግን እጅጌዋን የያዙት ጣቶቼ በራሳቸው ተከፈቱ። እግሬ አልደከመም፤ ትንፋሼም አልተቈረጠም፤ እጄ ከዳኝ። በማግሥቱ ለእንግዶች ቡና ልቀዳ ጀበናውን ሳነሣ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ረከቦቱን ቡና አጠጣሁት። እናቴ ያን ጊዜ ምንም አላለችም፤ ግን አየች።

ምክንያቱን ለማወቅ መምህራችንን ጠየቅኋቸው፤ መጻሕፍትም ተመለከትሁ። ሊቃውንቱ እንደ ለኩት፣ ልምምድ የማትሠራ ሴት የክንድና የትከሻ ኃይልዋ በአማካይ የወንዱን ግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ያህል ሲሆን፣ የእግርዋ ኃይል ግን የወንዱን ሁለት ሦስተኛ ወደሚሆን ይደርሳል። እንግዲህ ሴት ከወገብዋ በላይ ነው ይበልጥ የምታንሰው። ወንድማችን እዚህ ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚሁ ሊቃውንት ሴትና ወንድ እኩል ልምምድ ቢሠሩ፣ ሴቲቱ ከራስዋ መነሻ አንጻር የምትጨምረው ኃይል በመቶኛ ሲሰላ ከወንዱ እንደማያንስ ጨምረው ይነግሩናል። ይህን የኋለኛውን ነገር ወንድማችን አልጻፈውም።

ከዚህም ሌላ፣ ልዩነቱ ሁሉ ከተፈጥሮ የመጣ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። በጫኖ ሴት ምን ስትሠራ ትውላለች? ትሸከማለች። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ ያንን አዝላ ትመላለሳለች። የሙዙን ዘለላ ከማሳው አውጥታ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አይሱዙው እስከሚቆምበት ድረስ ታደርሳለች። ትወቅጣለች፤ ዘነዘናውን አንሥታ ወደ ታች ትጥለዋለች። ወፍጮ ላይ ተንበርክካ መጁን ትገፋለች። በእጅ ፓምፕ ውሃ ስትቀዳ እጀታውን ወደ ታች ትጫናለች። ይህ ሁሉ መሸከም፣ መግፋትና መጫን ነው። የሚስበው ማን ነው? መረቡን ከአባያ የሚስበው ወንድ ነው። ታንኳውን የሚቀዝፈው ወንድ ነው። የበሬውን ገመድ የሚይዘው ወንድ ነው። ወደ ዶርዜ ብንወጣም፣ ሸማው ላይ ተቀምጦ ማጉን ወደ ራሱ እየሳበ የሚያጠብቀው ወንድ ነው፤ ሴቲቱ ጥጡን ትፈትላለች። መሳብ የሚባለውን ሥራ ሁሉ ለወንዶች አስረክበን ስናበቃ፣ ሴት መሳብ አትችልም እንላለን።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን እዋሻለሁ። የደጋ ሴቶች እንሰት ይፍቃሉ። ይህ ሥራ የክንድ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከላይ ወደ ታች መፋቅ ነው። ከጨንቻ በኩል የመጣች አክስቴ «ደኅና ነሽ ወይ ልጄ» ብላ እጄን ስትጨብጠኝ አጥንቴ ይንቋቋል። አክስቴ ጁዶ ብትማር ኖሮ የአዲስ አበባዋ ልጅ በመጣችበት መንገድ ትመለስ ነበር።

ትግልን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሥራው የሚበዛው መሳብ ነው። የባላጋራን ክንድ ወደ ራስ መሳብ፣ አንገትዋን ወደ ታች መሳብ፣ ወገብዋን አቅፎ ከደረት ጋር ማጣበቅ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው አለመልቀቅ ነው። ስለዚህ ለኛ የሚያስፈልገን የመሳብ ልምምድ ነበር፤ ያንን ሳስብ የመቅዘፊያውን መኪና አገኘሁት።

ያገኘሁት በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የስፖርት ቤት ጥግ ላይ ነው። ብረት የሚያነሡት ጐረምሶች ጃኬታቸውን የሚሰቅሉበት ሆኖ አቧራ ለብሶ ነበር። ጠባቂው «ይኸ ለሴት አይሆንም፤ ይልቅስ ብስክሌቱን ንጂ» አለኝ። ጃኬቶቹን አንድ ባንድ አጥፌ ወንበር ላይ አስቀመጥሁና ተቀመጥሁበት።

መኪናው እንዲህ ያለ ነው። በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት መቀመጫ፣ እግር የሚታሰርበት መርገጫ፣ በሰንሰለት የተያዘ እጀታ፣ ከፊት ደግሞ ክንፍ ያለው ጐማ አለው። እጀታው ሲሳብ ጐማው ይዞራል፤ ክንፎቹም ነፋሱን ይገፋሉ። ብዙ የሚሸጠውን ዓይነት የሠሩት በአሜሪካ አገር በቬርሞንት ግዛት የሚኖሩ ቀዛፊዎች የሆኑ ሁለት ወንድማማች ናቸው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጡት የመጀመሪያው መኪናቸው ጐማው የብስክሌት ጐማ ነበር። ይህን ሳነብ እጅግ ደስ አለኝ፤ የብስክሌት ጐማ እኛም ዘንድ አለና።

ሐይቁ ደጃችሁ ሳለ በቤት ውስጥ መቅዘፍ ምን ይባላል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። አባያ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ከጣና ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ ውሃው ግን በደለል የቀላ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን አያሳይም፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ አዞ ነው። ዓሣ አጥማጆቻችን ቡሽ በሚያህል ቀላል እንጨት በተሠራ ታንኳ ሲወጡ የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ እኔ ግን ለክንዴ ስል እግሬን የምሰጥበት ምክንያት የለኝም። ደግሞም አጥማጁ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀዝፈው፤ በመኪናው ላይ ያለው አቀዛዘፍ ግን ጀርባን ወደሚሄዱበት አዙረው በመላ አካል የሚስቡት የሌላው ዓይነት ነው። ባማርኛ ሁለቱንም መቅዘፍ እንላቸዋለን እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ተሳስቼ ነበር። የነፋስ ማስገቢያውን ከ1 እስከ 10 ባለው ቍጥር 10 ላይ አድርጌ በክንዴ ብቻ እጐትት ነበር፤ ያተረፍሁት የወገብ ሕመም ነው። በኋላ ግን መኪናው የሚከብደው አጥብቀው በሳቡት መጠን መሆኑን ተረዳሁ፤ ስለዚህ ቍጥሩን ወደ 4 አወረድሁት። ትክክለኛው ሥርዓት መጀመሪያ በእግር መግፋት፣ ቀጥሎ ጀርባን ሳያጐብጡ ጥቂት ወደ ኋላ ማዘንበል፣ በመጨረሻ እጀታውን በክንድ ወደ ጐድን ማምጣት ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ክንድ ይቀድማል፤ ጀርባ ይከተላል፤ ጕልበት መጨረሻ ይታጠፋል። ከኃይሉ ትልቁ ድርሻ የእግር ነው። ይህን ስል ወንድማችን «ታዲያ ለክንድ ምን ይረባል?» ሊለኝ ይችላል። መልሴ እንዲህ ነው፤ በትግልም ባላጋራን የሚጥለው ኃይል ከእግር ተነሥቶ በጀርባ አልፎ በእጅ ይወጣል፤ መንገዱ በጀርባና በጣት ላይ ከተበጠሰ የእግር ብርታት ከንቱ ነው። እኔ የተበጠስሁት እዚያ ላይ ነበር። መኪናው የጀርባን ሰፊ ጡንቻ፣ የትከሻን የኋላ ክፍል፣ የክንድን ማጠፊያና የጣትን ጭብጥ ከእግር ጋር አያይዞ ያሠራል።

የትግል ግጥሚያ ሁለት ጊዜ 3 ደቂቃ ሲሆን፣ መካከሉ 30 ሴኮንድ ዕረፍት ነው። እኔም በዚሁ ልክ እቀዝፋለሁ፤ 3 ደቂቃ አጥብቄ፣ 30 ሴኮንድ አርፌ፣ እንደገና 3 ደቂቃ። በ12 ቅዳሜ ውስጥ 500 ሜትሩን ከ2 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ወደ 2 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አወረድሁት። መዳፌ ግን ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ የሒሳብ ፈተና የሠራሁት በጨርቅ በተጠቀለለ እጅ ነው።

መኪናው የማይሠራውንም ልናገር። መግፋትን አያስተምርም፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተደፍቶ ፑሽአፕ መሥራት ያስፈልጋል። የትግልን ብልኀትም አያስተምርም፤ ብልኀቱ ከጆንያው ላይ ነው የሚገኘው። መኪና በሌለበት ደግሞ ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ ቈርጦ በማንጎ ዛፍ ግንድ ላይ አስሮ፣ ከፊቱ ተቀምጦ መሳብ ይቻላል። እኛ ከቅዳሜ በስተቀር ያለውን ቀን ሁሉ የምንለማመደው በዚህ ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ መሄዴን ስታይ አንድ ቀን «ልጄ፣ ትከሻሽ እንደ ወንድ ሊሰፋ ነው፤ ማን ያገባሻል?» አለችኝ። «እማዬ፣ ያንቺን ትከሻ አይቶ አባዬ መቼ ሸሸ?» ብላት ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን እውነተኛውን ነገር ተናገረች፦ «ትከሻውስ ይስፋ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ውሃውን ማን ይቀዳል? ሙዙን ማን ያወጣል?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እንግዲህ ተስማማን፤ ዓርብ ማታ ስድስት ጀሪካን ሞልቼ አድራለሁ፤ ቅዳሜ ሙዙን ታናሽ ወንድሜ ያወጣል። ወንድሜ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ስምምነት አልወደደውም። ስለ ሴቶች ስፖርት ሲጻፍ ሁልጊዜ ስለ ትከሻና ስለ ጋብቻ ይወራል፤ የሚከለክለን ግን ከዚህ ይልቅ ጀሪካኑ ነው።

ደግሞ ይህ ክርክር በኛ የተጀመረ አይደለም። ሴቶች በኦሊምፒክ መቅዘፍ የተፈቀደላቸው በ1976 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ነው፤ ያውም ወንዶቹ 2,000 ሜትር ሲቀዝፉ ለሴቶቹ 1,000 ሜትር ይበቃቸዋል ተብሎ ነበር። በ1988 በሴኡል ግን እኩል 2,000 ቀዘፉ፤ አንድም ሰው አልሞተ። የሴቶች ጁዶ ሙሉ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው በ1992 በባርሴሎና፣ የኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘችበት ጨዋታ ነው። የሴቶች ትግል ደግሞ በ2004 በአቴና ገባ። በ2016 በሪዮ ማርዋ አምሪ የምትባል የቱኒዚያ ሴት ነሐስ ወሰደች፤ በ2021 በቶኪዮ ብሌሲንግ ኦቦሩዱዱ የናይጄሪያዋ ብር ወሰደች። እነዚህ አፍሪካውያን ናቸው። እኛ በሩጫ ስማችን ስለ ተጠራ ሌላውን ሁሉ እንደ ባዕድ ነገር ማየታችን ለምንድር ነው?

የአዲስ አበባዋ ልጅ ዘንድሮም ለፋሲካ መጣች። ዘንድሮም አሸነፈችኝ፤ በነጥብ። ነገር ግን ስድስቱን ደቂቃ ሙሉ እጅጌዋን አልለቀቅሁም፤ ሲያበቃም የራስዋን ጣቶች ስታፍታታ አየኋት። በማግሥቱ ቡናውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

የወላጆች ኮሚቴ ለስፖርት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ መሰብሰቡን ሰምተናል። አንዳንዶች አንድ የመቅዘፊያ መኪና ይገዛ ይላሉ፤ ይህን ጽሑፍ እስካሁን ያነበበ ሰው እኔም ይህንኑ የምል ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የትግል ምንጣፍ ይቅደም እላለሁ፤ ከማንጎው ዛፍ ላይ መሳብ ይቻላል፤ በጆንያ ላይ ግን ባለፈው ኅዳር አንዲት ጓደኛችን ክንድዋ ወልቋል። ለሁለቱም የሚበቃ ከሆነ መኪናው ይገዛ፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን ለሴቶች ልጆች ብቻ የተመደበ ሰዓት ይኑረው፤ ይህም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ በወሩ ውስጥ የጃኬት መስቀያ ይሆናል፤ አይቻለሁና።

እስከዚያው ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከሜዳው ጫፍ ካለው ማንጎ ሥር ነን። ካለፈው ዓመት ከስድስታችን ሁለቱ ሄደዋል፤ አንድዋ አግብታ፣ አንድዋ ቤተሰቦችዋ ወደ ሶዶ ተዛውረው። መምጣት የምትፈልግ እኅት ያረጀ ከመነዳሪ ካላት ይዛ ትምጣ፤ ያለን ሦስት ብቻ ነው፤ አንዱም ተጣጥፏል።