ፈተናው የሚጀምረው ከማስታወቂያው ሰሌዳ ነው

የመንግሥት ሥራ በውድድር ይገኛል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አንድ አዳራሽ ነው። ተራርቀው የተደረደሩ ወንበሮች፣ ተገልብጦ የተቀመጠ ወረቀት፣ ሰዓቱን እያየ ወዲያ ወዲህ የሚንጎራደድ ፈታኝ። ፍርዱ ሁሉ በዚያች በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ይመስለናል። እኛ ግን ውድድሩ የሚጀምረው ማስታወቂያው ከሚለጠፍበት ቀን ነው እንላለን፤ የሚያበቃውም ውጤቱ በይፋ ሲለጠፍ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች ላይ ፍትሕ ከጠፋ፣ መካከሉ ምንም ያህል ቢጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በሻይ ቤቱ የሚሰማው ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን «ውስጥ ሰው ከሌለህ ምን አለፋህ! የሚያልፈው ሰው ስም ድሮ ተጽፎ አልቋል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ጎበዝ የትም ያልፋል፤ የወደቀ ሁሉ ሰበብ ይፈልጋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ዳሩ ግን ግማሽ ግማሹን ብቻ ነው የያዙት። የፊተኛው ንግግር ሰው ሳይሞክር እንዲቀር ያደርጋል። የኋለኛው ደግሞ በእውነት የተበደለውን ሰው አፍ ያስይዛል።

እስቲ የሌሎችን አገሮች ታሪክ መለስ ብለን እንይ። (የውጭ አገሮቹ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ቻይና ለ1,300 ዓመት ያህል፣ እስከ 1905 ድረስ፣ ሹማምንቷን በጽሑፍ ፈተና ትመርጥ ነበር። ዘመድ አዝማድ እንዳይገባበት ይደረግ የነበረው ጥንቃቄ ያስገርማል። ከሶንግ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የተፈታኙ ስም ይሸፈን ነበር። የእጅ ጽሑፉም እንዳይታወቅ ጸሐፊዎች መልሱን በሌላ ወረቀት ይገለብጡታል፤ አራሚው የሚያየው ግልባጩን ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ጥበቃ የሚደረግለት አዳራሽ በሩ ለሴቶች ዝግ ነበር። ልጁን ከእርሻ አውጥቶ ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ማስያዝ ያልቻለ ገበሬም፣ ሕግ ባይከለክለው ኑሮው ይከለክለው ነበር።

የህንድ ታሪክ ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን የህንድ ሲቪል ሰርቪስ ሹመት ከ1855 ጀምሮ በውድድር ፈተና እንዲሆን ተደረገ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፣ ህንዳዊውም መወዳደር ይችላል ተባለ። አዳራሹ ግን ለንደን ነበር! የካልካታው ወጣት ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው አገር ቀለብና ኪራይ እየከፈለ፣ በሰው ቋንቋ መፈተን ነበረበት። የመጀመሪያው ህንዳዊ፣ ሳትየንድራናት ታጎር፣ ያለፈው በ1863 ነው። ፈተናው በህንድ ምድር መሰጠት የጀመረው ደግሞ በ1922 ነው። ይኸውም 67 ዓመት ሙሉ «በሩ ክፍት ነው» እየተባለ፣ በሩ ግን ከባሕር ማዶ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት የሲቪል ሰርቪስ ፈተና በሦስት ደረጃ ይሰጣል፤ ማጣሪያ፣ ዋና የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያም ቃለ መጠይቅ። የጽሑፉ ፈተና በብዙ ከተሞች ይሰጣል። ከ1979 ወዲህም ተፈታኙ ዋናውን የጽሑፍ ፈተና በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች በአንዱ መጻፍ ይችላል። አዳራሹ ወደ ሰው ቀረበ ማለት ይህ ነው። ውድድሩ ግን አልቀለለም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚገባው ተፈላጊውን ችሎታ ለሚያሟላና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ብልጫ ላገኘ ሰው እንደሆነ ደንግጎ ነበር። እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲመጣም ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። አዋጅ ይሻሻላል፣ በሌላም ይተካል፤ በብልጫ የመቀጠር ሐሳብ ግን ልንጠብቀው የሚገባ ነው። ፈተናው ራሱ እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አልመጣም። በ2015 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሥራ ላይ ያሉትን ነባር ሠራተኞችና ኀላፊዎች ሳይቀር ለብቃት ፈተና አስቀመጣቸው። ስለዚህ «እኔን ፈተና አይመለከተኝም» የሚል ሰው ካለ ቆም ብሎ ያስብ።

ታዲያ የእኛ ለንደን የት ነው? ብለን እንጠይቅ። ማስታወቂያው በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ይለጠፋል፣ ወይም በጋዜጣ ይወጣል፣ ወይም በቴሌግራም ይለቀቃል። መብራትም ሆነ ኔትወርክ ከሌለበት ቀበሌ ያለችው ምሩቅ ወሬው እስኪደርሳት ምዝገባው ይዘጋል። ቢደርሳት እንኳ «ዋናውንና ኮፒውን ይዘው በአካል ይቅረቡ» ይላል። ለምዝገባ አንድ ጉዞ፣ ለጽሑፍ ፈተና ሌላ ጉዞ፣ ለቃል ፈተና ሦስተኛ ጉዞ። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡ ሲደመር ገና ሥራ ያልያዘ ሰው ከየት ያመጣዋል? ከተማ ያደገው ልጅ በታክሲ ደርሶ ይመለሳል፤ እሷ ግን ጥያቄው ሳይወጣ ገና በመንገድ ላይ ወድቃለች። ይህችን ልጅ «ሰነፍ ናት» የሚላት ማነው?

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ዝምታው አለ። «ያለፋችሁ በስልክ ትጠራላችሁ» ተብሎ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። ያልተጠራው ስንት እንዳገኘ፣ በምን እንደተበለጠ አያውቅም። «ውስጥ ሰው» የሚባለው ወሬ የሚራባው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። አድልዎ ቢኖርም ባይኖርም፣ ውጤት ካልተለጠፈ ሰው እንዳለ አድርጎ ያምናል። ያመነ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከማጥናት ይልቅ ዘመድ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ የፈተና ወረቀት በስም ምትክ በመለያ ቁጥር ይታረም፣ የቃል ፈተና ነጥብ አሰጣጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይውጣ፣ ውጤት ከነነጥቡ ይለጠፍ እንላለን። ቻይናዎቹ ወረቀት በእጅ እየገለበጡ ያደረጉት ነገር ዛሬ በኮምፒዩተር ዘመን ይከብዳል ብሎ የሚከራከረን ያለ አይመስለንም።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «እናንተ ለመምህርነት ነው የምትሠለጥኑት፤ የሌላ መሥሪያ ቤት ፈተና ምን አገባችሁ?» ሊሉን ይችላሉ። ቅሬታቸው ይገባናል። በሥነ ዘዴ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር የሌላ ፈተና ጥያቄ የሚሠራ ሠልጣኝ አለ፤ ይህ ነውር ነው፤ አንደግፈውም። ነገር ግን ጋሼዎቻችን፣ እትዬዎቻችን፣ አንድ ነገር ልብ በሉልን። እኛ ከዚህ ወጥተን የምንመደበው ማስታወቂያ ወደማይደርስበት ቦታ ነው። ነገ የሚወዳደሩት ተማሪዎቻችን ናቸው። በአራተኛ ክፍል ሲኮርጅ ዝም የተባለ ልጅ፣ ሲያድግ መልስ የሚልክለት ሰው ይፈልጋል። ጥያቄ በእርጋታ አንብቦ የተጠየቀውን ብቻ መመለስን፣ ጊዜ ማከፋፈልን፣ ሐሳብን በአንድ ገጽ በሥርዓት መጻፍን የሚማረውም ከእኛ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን ጥያቄውን በቅጡ ሳያነብ ነው።

እንግዲህ ሰውን ከመጠየቃችን በፊት ከራሳችን እንጀምር። አንደኛ፣ ከዚህ ጋዜጣ ጎን ያለው ባዶ ሰሌዳ የማስታወቂያ ቦታ ይሁን። ወደ ከተማ የሚወጣ ሁሉ ያየውን የሥራ ማስታወቂያ አሟልቶ ይገልብጥልን፤ ተፈላጊ ችሎታው፣ የምዝገባው መጨረሻ ቀን፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ ሳይቀር። ሁለተኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ስንወርድ ይህንኑ ይዘን እንሂድና በዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ እንለጥፈው። ሦስተኛ፣ ሒሳብ የሚከብደው ከሒሳብ ሠልጣኞች ጋር፣ ጽሑፍ የሚከብደው ከቋንቋ ሠልጣኞች ጋር ሆኖ የሚያጠናበት ቡድን ይቋቋም፤ ከክፍል ሰዓት ውጪ። አራተኛ፣ ኩረጃን በመካከላችን አናስተናግድ። በራሱ አዳራሽ የሚኮርጅ ሰው ስለ ሌላው አድልዎ የሚናገርበት አፍ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚወድቅ አይጠፋም፤ ቦታው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነውና። ነገር ግን በሚያውቀው ነጥብ የወደቀ ሰው አጥንቶ ይመለሳል። ሳይሰማ፣ ሳይደርስ፣ ሳይነገረው የወደቀ ሰው ግን ተስፋ ቆርጦ ይቀራል፤ አገርም በእርሱ ትጎዳለች። ሰሌዳው እዚሁ አጠገባችሁ ነው። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ማን ይለጥፋል?