ጓጉንቸሯ ስላለች ብቻ አትመኑ!

ዛሬ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ግን ኪሳችሁን የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ብዙዎቻችሁ በኢንቦክስ ሊንክ ትልኩልኛላችሁ። "ቲቸር፣ ይሄ የስኮላርሺፕ ዌብሳይት እውነተኛ ነው?"፣ "የዲቪ መሙያው ይሄ ነው?" ትላላችሁ። አብዛኛው ሰው ደግሞ "ጓጉንቸር አለው እኮ፣ ኤችቲቲፒኤስ ይላል" ብሎ ይጨምርበታል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ "የጓጉንቸር ምልክት ካለ እመኑ" የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል። እንዲያውም አሁን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ለምን? ያቺ ምልክት የምትናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ከስልካችሁ ወደ ዌብሳይቱ የሚሄደው መረጃ ተመስጥሯል፤ የካፌው ዋይፋይ ባለቤት እንኳ የይለፍ ቃላችሁን ማንበብ አይችልም። ሁለተኛ፣ የተገናኛችሁት አድራሻው ላይ ከተጻፈው ስም ባለቤት ጋር ነው። አለቀ። ባለቤቱ ጨዋ ይሁን ሌባ አንድም ቃል አትናገርም።

ይሄን ሁለተኛውን ነገር ማን ነው የሚመሰክረው? ሰርተፊኬት ሰጪ ተቋማት ናቸው። የቀበሌ መታወቂያን አስቡት። ባንክ ቤት የማያውቃችሁ ሠራተኛ የሚያስተናግዳችሁ ማህተሙን አምኖ ነው። ብሮውዘራችሁም እንደዚያው ነው። ክሮም በሉት ፋየርፎክስ፣ ማህተማቸውን የሚቀበላቸውን ዋና ሰርተፊኬቶች ዝርዝር ይዞ ነው የሚሠራው፤ ከመቶ በላይ ናቸው። የዌብሳይቱ ሰርተፊኬት በቀጥታም ሆነ በወኪል ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ከተያያዘ ያሳልፈዋል። ካልተያያዘ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

ግን ማህተም መቺው ምን አጣርቶ ነው የመታው? ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፦ አመልካቹ ያንን የዌብሳይት ስም በእጁ መያዙን። "ይሄን ፋይል ዌብሳይትህ ላይ አስቀምጥ" ይለዋል፤ ከተቀመጠ ሰርተፊኬቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ሌትስ ኤንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሄን በነፃ ይሰጣል። ይሄ ትልቅ በረከት ነው፤ አቅም የሌለው ትንሽ ዌብሳይት ሁሉ መረጃውን መመስጠር ችሏል። ነገር ግን የባንካችሁን ስም አንድ ፊደል ቀይሮ ዶሜን የገዛ አጭበርባሪም ያችኑ ጓጉንቸር በነፃ ያገኛል። የተመሰከረለትም ውሸት አይደለም፤ የዚያ የተጣመመ ስም ባለቤት እሱ ነዋ! ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. ጓጉንቸሯን ከክሮም አንስቶ በሌላ ምልክት የተካው ሰው "ታማኝ ዌብሳይት" እያለ ስለተረጎማት ነው።

ማህተሙ ራሱ ቢሰረቅስ? ደርሷል። በ2011 እ.ኤ.አ. ዲጂኖታር የተባለ የኔዘርላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ተጠልፎ በስሙ ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፊኬቶች ወጡ። አንዱ የጉግል ነበር፤ በእሱም ኢራን ውስጥ ያሉ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ተሰለሉ። የተጋለጠው አንድ ኢራናዊ ክሮም ያሳየውን ማስጠንቀቂያ ንቆ ባለማለፉና "ይሄ ምንድነው?" ብሎ በመጠየቁ ነው። ብሮውዘሮች ኩባንያውን ከዝርዝራቸው ሰረዙት፤ በወሩ ከሰረ። እምነትን የሚሸጥ ድርጅት እምነት ሲያጣ የሚሸጠው ምንም የለውም።

እና ምን እናድርግ?

1. ስሙን ከመጨረሻው አንብቡ። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት ያለውን ጫፍ እዩ። የዲቪ ትክክለኛው መሙያ "ዲቪፕሮግራም ነጥብ ስቴት ነጥብ ጋቭ" ነው። "ጋቭ" ለአሜሪካ የመንግሥት አካላት ብቻ የሚሰጥ ነው። "ጋቭ" መሃል ላይ ተሸጉጦ መጨረሻው "ነጥብ ኮም" ከሆነ የመንግሥት አይደለም፤ ፓስፖርታችሁን አትላኩ።

2. ማስጠንቀቂያ ሲመጣ "ቀጥል" ብላችሁ አትለፉ። መጀመሪያ የስልካችሁን ቀን እዩ። አንዳንዱ ሰው ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላል፤ ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር ሰርተፊኬቱ "ገና አልተወለደም" ይሆንበታል። ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ግን ውጡ።

3. ማንነቱን የማታውቁት አካል "ይሄን ሰርተፊኬት ስልክህ ላይ ጫን" ካላችሁ እምቢ በሉ። ያ ማለት በታማኞቹ ዝርዝር ላይ የራሱን ማህተም ማስገባት ነው። የካዛኪስታን መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ዜጎቹን እንዲህ ብሎ ነበር፤ ጉግል፣ ሞዚላና አፕል ያንን ሰርተፊኬት አገዱት።

እኛ ማህተም ስናይ አምነን የማለፍ ልማድ አለን። ማመን ክፉ አይደለም፤ ያለ እምነት ገበያም ባንክም አይሠራም። ግን ማህተሙ የመሰከረው ምኑን እንደሆነ እንጠይቅ። የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ላይ የኮምፒውተር ክፍሎችን ስም ከማሸምደድ ይልቅ ይሄን ብናስተምር አንድ ተማሪ የእናቱን የሞባይል ባንኪንግ ፒን ከማስበላት ይድናል ብዬ አምናለሁ።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንነጋገር። የምትስማሙ ደግሞ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቤት ላሉት እናትና አባቶቻችሁ አንብቡላቸው።