ዘመዱን ወዴት ነው የሚልከው?

ወገን፣ አንድ ነገር ልብ እንበል!

የአንድ ባለስልጣን ስም በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጩኸት ትሰማለህ። አንዱ «ለገዛ ወንድሙ ያልሆነ ለኛ ሊሆን ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተዉት፣ ደግ ሰው ነው፤ ዘመዱን ሁሉ ሰው አድርጓል» ይልሃል። ሁለቱም ፍርድ ገደል ይከትሃል።

ከእህቱ ተኳረፈ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ያ የቤቱ ጉዳይ ነው። ሚስቱን ከደበደበ ወንጀል ነው፣ እንደማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት ይቁም። ከዚያ ውጭ የሰው እናትና ልጅ እያነሱ መሳደብ ትግል አይደለም፤ ነውር ነው።

«ዘመዱን ሁሉ ሰው አድርጓል» ሲሉህ ግን ቆም በልና ጠይቅ፦ በማን ገንዘብ? በደመወዙ ከሆነ እግዜር ይስጠው። በመሬት፣ በኮንዶሚኒየም፣ በቅጥር ከሆነ ግን የሰጠው ያንተን ነው። አንተ ዲግሪህን ይዘህ ማስታወቂያ ስታነብ ቦታው ቀድሞ በስልክ አልቋል። በዚህ አገር «ምን ተማርክ?» ከማለት በፊት «ሰው አለህ?» የሚባለው ለዚህ ነው።

«አባቶቻችንስ ዘመድ ይሾሙ አልነበር?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይሾሙ ነበር። አፄ ምኒልክ ሐረርን የሰጡት ለአክስታቸው ልጅ ለመኮንን ነው። ዘመኑ የዘር ንግሥና ነበር፤ ዛሬ ወንበሩ የሕዝብ ነው። ያም ሆኖ በ1888 ጦርነቱ ሲመጣ ራስ መኮንን የት ነበሩ? አምባላጌ፣ መቀሌ፣ ዓድዋ! ንጉሡ ዘመዳቸውን የላኩት ወደ እሳት ነው። የዛሬው ሹም ዘመዱን የሚልከው ወዴት ነው? ወደ ጨረታው!

እቴጌ ጣይቱንም አስብ። መቀሌ ላይ የጠላትን ውሃ ያስያዙ፣ ዓድዋ ላይ የዋሉ ጀግና ናቸው። ምኒልክ ታመው ሥልጣኑ እጃቸው ሲገባ ግን «ዘመዶቻቸውን እየሾሙ ነው» ተብሎ የሸዋ መኳንንት ተነሱባቸው። መጋቢት 1902 ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። መኳንንቱም ለራሳቸው ወንበር ነበር የሚጨነቁት፣ አንሸዋወድ። ግን አየህ፣ የዘመድ ሹመት ለጀግና ባላንጣ እንኳ ሰበብ ያቀብላል።

ሕግ የለም እንዳትል። የሀብት ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ባለስልጣን የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት እንዲያስመዘግብ ያዛል። ቤተሰብ የሚለው ግን የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ጥገኛ ልጆችን ነው። ወንድም፣ አማች፣ የአጎት ልጅ የሉበትም። ሌባ ደግሞ በየት በኩል መደበቅ እንዳለበት ካንተ በላይ ያውቃል። ስለዚህ መዝገቡ የማያየውን አንተ እይ፦ ከሹመቱ በኋላ የዘመዱ ኑሮ በምን ተለወጠ? ዘመዱ ሲያጠፋ ለሕግ ይሰጠዋል ወይስ ስልክ ይደውልለታል?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። «የኛ ልጅ ነው» ብለን የምንሸፋፍነው ስንቱን ነው? የኛ ልጅ ሲሰርቅ የሚሰርቀው ከኛ ነው! ባዕድ ሲዘርፍ የምንጮኸውን ያህል በራሳችን ሰው ላይ ካልጮህን ትግላችን የተረኝነት ወረፋ ነው፤ ተራ መጠበቅ ነው እንጂ ለውጥ አይደለም።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ አጎት ቢሮ ሄዶ «ስሜን አስገባልኝ» ማለት ይቅር። ያቺ ቦታ አጎት የሌለው የሌላ ወጣት ናት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከኛ ትውልድ አይለፍ።

ሰውየው እናቱን ይጡር፣ ወንድሙን ያስተምር፣ ደስ ይለናል። በኪሱ ግን! የሕዝብ ካዝና የዘመድ ሰፈር አይደለም።