501 ብር ላበደረ ምስክር ይሰማ?

ምስክሩ ይሰማ
(በመርካቶ ረጅም ዘመን የነገደ ጸሐፊ)

ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ እኔ ነበርኩ። ጎረቤታችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምታድር ሴት ናት። እቁብ ወጣላትና ከደረሳት ላይ 18,000 ብር ለአበልጇ አበደረች። ገንዘቡ የተቆጠረው ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት ነው። ተበዳሪዋ «ለፋሲካ እመልሳለሁ» ስትል ሦስታችንም ሰምተናል። ፋሲካ አለፈ፤ ተከታዩም አለፈ። በኋላ «የምን ብድር?» አለች። ሽማግሌ ተልኮ አልሆነም። ክስ ተመሠረተ፤ እኛም ሥራችንን ዘግተን ችሎት ሄድን። ዳኛው አልሰሙንም። ብድሩ ከ500 ብር በላይ ስለሆነ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ችሎት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ መሆኑን ረጋ ብለው አስረዱን።

ዳኛውን አልወቅስም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 የሚለው ይህንኑ ነው። የምወቅሰው 500 ብር የሚለውን መነሻ ነው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 500 ብር ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ነበር፤ ድሃ ከድሃ የሚበዳደረው ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ለትልቅ ገንዘብ የተተከለ አጥር፣ ማንም ሳይነካው፣ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ የምንበዳደረውን ሁሉ ከልሎ ቀረ።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ በዚያው ቀን የ18,000 ብር ሸቀጥ በዱቤ ሰጥቼ ገዢው ቢክደኝ ምስክሮቼ ይሰሙልኛል፤ እንዲህ ያለ የዕቃ ሽያጭ የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለምና። ያው ሰው ያንኑ ቃል ለእኔ ለነጋዴው ሲመሰክር ተሰምቶ፣ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ሲሆን ከበር የሚመለሰው ለምንድን ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ሁለቱም ሴቶች ግን ፊደል አልቆጠሩም። ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራውን ቢያሳርፍም አሻራው የሚያስገድደው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ቡና ላይ ተቀምጦ «ተነሺ፣ ውል አዋዋይ ዘንድ እንሂድ» ማለት አበልጅን ሌባ እንደማለት ይቆጠራል።

ሕጉ ይሻር አልልም። መነሻው ከዘመኑ ገንዘብ ጋር ይስተካከል። ከዚያ በታች ላለው ዳኛ ምስክሩን ሰምቶ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ አስፈትኖ ይመዝን።

ወረቀቱ ይቅደም
(ጠበቃ የሆነች ጸሐፊ)

ጋሼ፣ እርስዎ የተመለሱበትን በር እኔ በሌላ በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ። የባሏ አርባ ሳይወጣ ደጇ የተመታባት ደንበኛ ነበረችኝ። ሁለት ሰዎች «ሟች 300,000 ብር ተበድሮናል» ብለው መጡ። ወረቀት የላቸውም፤ ምስክር ግን አራት አላቸው፣ ቀኑንና ሰዓቱን አጥንተው የመጡ። ሟች ተነስቶ «ውሸት ነው» አይል፤ እሷም ያልነበረችበትን ወሬ በምን ታስተባብላለች? ያን ቀን ቤቷን ያተረፈላት እርስዎ ያረጀ የሚሉት ቁጥር 2472 ነው።

የዱቤው ንጽጽርዎ ከባድ ነው፤ አላልፈውም። ዕቃ ግን ዱካ ይተዋል። ከመጋዘን ይጎድላል፣ ጫኝ ይሸከመዋል፣ ገዢው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይታያል። ምስክር ቢዋሽ ዱካው ያጋልጠዋል። ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ገንዘብ ይህ የለውም። በስልክ የተላከው እንኳ ሙሉ ታሪኩን አይናገርም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሰዎች የዝውውር መልእክት ይዘው ቢሮዬ ይመጣሉ። መልእክቱ ገንዘቡ መድረሱን ያሳያል። ተቀባዩ «የቆየ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ወይም «ስጦታ ነው» ቢልስ? ስለዚህ ከመላክ በፊት ተበዳሪው «ይህን ያህል ተበድሬአለሁ፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» ብሎ በራሱ ስልክ ይጻፍላችሁ እላለሁ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። የተፈረመ ውልን ያህል አይሆንም፤ ባዶ እጅ ከመሄድ ግን ይሻላል።

ውሉስ ቢሆን ምን ያህል ሸክም ነው? ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ የሁለቱ ስም፣ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የመመለሻው ቀን፣ የሁለቱ ፊርማ፣ የሁለት እማኞች ፊርማ። ወለድ ካለ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። ዋስ ከተጠራ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚዋስ ይጻፍ፤ ያለዚያ ዋስትናው አይጸናም። ገንዘቡ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ፣ በቤተሰብ ሕጉ ከተወሰነው መጠን በላይ ለማበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ስንቱ ትዳር አንዱ ከሌላው ተደብቆ ባበደረው ገንዘብ ሲናጋ አይቻለሁ።

መነሻው ከፍ ይበል ወደሚለው ልቤ ያዘነብላል፤ የሚመልሰኝ የተከሳሹ ነገር ነው። መነሻውን 20,000 ብር እናድርገው። ይህ ገንዘብ ለቀን ሠራተኛ የወራት ደሞዝ ነው። ያልተበደረውን እንዲከፍል ሁለት ምስክር ከበቃ፣ ሊጠቅሙት ያሰቡት ድሃ ራሱ በሐሰት ምስክር ይበላል። ጎረቤትዎም ሁሉ አልተዘጋባትም፤ ሕጉ መሐላን ትቶላታል። አበልጇ እንድትምል ጠይቃ ነበር?

ነጋዴው ሲመልስ

እህቴ፣ የሟቹ ነገር ገብቶኛል። ተበዳሪው ከሞተ በምስክር ብቻ ዕዳ አይጠየቅ ቢባል እስማማለሁ። እኔ የምሟገተው ሁለቱም በሕይወት ኖረው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዳኛው ዓይናቸውን እያየ መጠየቅ ለሚችልበት ጉዳይ ነው። የሐሰት ምስክርም ወንጀል ነው፤ የሚዋሸውን ይቅጡ እንጂ እውነተኛውን ዝም አያሰኙ።

ስለ መሐላው ጠይቀውኛል። አዎ፣ ጎረቤቴ ጠየቀች። አበልጇ እጇን መጽሐፉ ላይ አሳርፋ ማለች። መዝገቡ ተዘጋ፤ እኛ ሦስታችን ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር።