መሣሪያው በማን እጅ ይሁን?

ከማኅበራችን አባላት መካከል በርከት ያሉት ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በአገር ቤት ኮሌጆች አስተማሪዎች ነበሩ፤ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙም የሚመለሱት ወደዚያው ሰሌዳ ፊት ነው። ስለዚህ በጥናት ክበቦቻችን ሰሞኑን የተነሣው ክርክር፣ ማለትም ወደ መማሪያ ክፍል ስለሚገቡ ዘመናዊ መሣሪያዎች የሚደረገው ሙግት፣ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንዳንድ ወገኖች መሣሪያ በገባበት ሁሉ ዕድገት ተከትሎ እንደሚገባ ይሰብካሉ። ሌሎች ደግሞ መሣሪያውን ራሱን እንደ ጠላት ይቆጥሩታል። ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሣሪያውን የሚያዝበት ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ተማሪው «ፕላዝማ» አለው፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ የተማሩት በእርሱ ነው። ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሒሳብና ሳይንስ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ የጠበቀው በፈጣን እንግሊዝኛ የሚናገር ስክሪን ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የስክሪኑ ነበር። የክፍሉ አስተማሪ ከፊትና ከኋላ የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ ይዞ፣ በቀረው ጊዜ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ እንደ ተማሪው ይመለከታል። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፣ አንድም ልጅ ሳይመልስለት «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። (ይህን ያየ ሁሉ ዛሬም እየሳቀ ያወራዋል፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።) መብራት በጠፋ ጊዜ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ ስርጭቱ ለአንድ ወረዳ ብሎ ቆሞ አይጠብቅምና።

እርግጥ ነው፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን አንክድም። የተወሰደው ግን ከተሰጠው የበለጠ ነበር። የተማሪዎቹን ፊት አይቶ «ይህ አልገባቸውም» በማለት ወደ ኋላ መመለስ፣ ያልገባውን በቋንቋው ማስረዳት፣ ፈዛዛውን መቀስቀስ፣ እነዚህ ናቸው ማስተማር የሚባሉት። መምህሩ ይህን ሁሉ ተነጥቆ የማብሪያና የማጥፊያ ኃላፊ ሆነ።

መምህሩን ሳይጠይቁ ትምህርቱን የመለወጥ ልማድ ደግሞ የቆየ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው «ሴክተር ሪቪው» ለሕዝብ ይፋ ሳይሆን ቆይቶ፣ ሲወጣ ለየካቲት 1966ቱ የመምህራን አድማ አንዱ ምክንያት ሆነ። ስለ ይዘቱ ዛሬም መከራከር ይቻላል፤ መሠረታዊ ትምህርትን ለሰፊው ሕዝብ የማዳረስ ሐሳብ ነበረበትና። ይሁን እንጂ በመምህራኑ ጀርባ የተሰናዳ ማሻሻያ መምህራኑ እንዲያስፈጽሙት ሲቀርብላቸው ምን እንደሚከተል ያን ጊዜ ታይቷል።

ወደ ኮሌጆቻችን ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። እዚህ መምህሩን ማንም አላስወጣውም፤ አንዳንዱ በገዛ ፈቃዱ ከስላይዱ ጀርባ ተደብቋል። ስላይዱን ያነባል፣ ፋይሉን ለክፍሉ ተጠሪ በፍላሽ ይሰጣል፣ ተጠሪው በቴሌግራም ይበትናል፣ ፈተናውም ከዚያው ይወጣል። ተማሪው መጽሐፍ ሳይገልጥ ይመረቃል። ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ክፍሉ ሞልቶ ተማሪ በመስኮት ሥር በቆመበት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ለአሥር ሰው በማይበቃበት፣ ደመወዙ ከወር ወር በማያደርስበት ሁኔታ ስላይድ መሸሸጊያ ቢሆን ምን ይደንቃል?

አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ቻትጂፒቲና ተከታዮቹ መጥተዋል። እዚህ በምንማርበት አገር አስተማሪዎች የቤት ሥራውን የጻፈው ተማሪው ይሁን መሣሪያው መለየት ቸግሯቸው፣ ከፊሎቹ ወደ ቃል ፈተናና ወደ እጅ ጽሑፍ እየተመለሱ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ቢሰማ አይገረምም። እርሱ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ሊደግም አይችልም፤ አዲስ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። ቅኔ ቤት ወደ ፊዚክስ ክፍል ይግባ ማለታችን አይደለም። ተማሪው የራሱን ሐሳብ በሰው ፊት አቁሞ የሚከራከርበት ሰዓት ከሌለ ግን መሣሪያው ይረዳው ወይም ይተካው ማንም ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ላይ ይህ መሣሪያ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአገራችን ቋንቋዎች ደከም ያለ ነው፤ ስለዚህ የፕላዝማው ችግር በሌላ በር ተመልሶ እንዳይገባ እንሰጋለን።

በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ጉዳዩ በአጀንዳ እንዲያዝ እንጠይቃለን። በተለይ በአገር ቤት ያስተማሩ ጓዶች ክፍላቸው ስንት ተማሪ እንደነበረው፣ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ መሣሪያ ሲገባ ማን እንደጠየቃቸው ወይም እንዳልጠየቃቸው ጽፈው ያምጡ። በየትኛውም የአገራችን ቋንቋ ቢጻፍ እንቀበላለን፤ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል።